የድምፁ ወንበር

መምህር ተስፋነህ ጆሮው ከሌላው ሰው ጆሮ የተለየ መሆኑን ያወቀው አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ነው። ሥልጠናው ስለ ፕሮጀክት አመራር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ያስታወሰው ነገር የለም። ቁም ነገሩን ያገኘው ሥልጠናው ባለቀ ማግስት፣ ንግድ የቀናው የድሮ የክፍል ጓደኛው ቤቱ ወስዶ ፊልም ሲያሳየው ነው። በፊልሙ ውስጥ ዝናብ ጣለ። ተስፋነህም ሳያስበው ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ጓደኛው ሳቀና፣ «ይሄ እኮ ሪሲቨር አይደለም፤ ሴፓሬት ነው» አለው። ተስፋነህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም፤ እንዳልገባው ግን አልተናገረም። አውቶቡሱ ደብረ ታቦር እስኪደርስ ስልኩ ላይ ሲያነብ መጥቶ፣ መናኸሪያው ላይ ሲወርድ ዕድሜውን ሙሉ ነገሩን ሲያስተምር የኖረ ሰው ሆኖ ወረደ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ እሱም ለማያውቅ ሰው ከማስረዳት የበለጠ ደስታ አልነበረውም። ሪሲቨር ሲል ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የዲሽ ሳጥን ማለቱ አይደለም። የቤት ሲኒማ ድምፅ የሚያወጣ፣ ወፈር ያለ ሌላ ሳጥን ነው። ከፊልሙ የመጣውን ድምፅ ይፈታል፣ ለየስፒከሩ ያከፋፍላል፣ ጉልበት ሰጥቶም ይገፋዋል፤ ሁሉንም በአንድ ሆዱ። ሴፓሬት የሚባለው ደግሞ ያንኑ ሥራ ለየብቻ ማከፋፈል ነው። ድምፁን የሚፈታው ፕሮሰሰር ራሱን የቻለ ሳጥን፣ ጉልበት የሚሰጠው አምፕሊፋየር ራሱን የቻለ ሌላ ሳጥን። በመካከላቸው ገመድ አለ። ስለ ገመዱ ተስፋነህ ብዙ አያወራም ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይል ነበር በዩኒቨርሲቲው የመምህራን ላውንጅ ማኪያቶውን እያማሰለ። «አንድ ሳጥን ፈቺም አከፋፋይም ገፊም ልሁን ሲል፣ ሦስቱንም አበላሽቶ ያርፋል።»

የሚመልስለት ሀብታሙ ነበር። ሀብታሙ ስታትስቲክስ ያስተምራል። ሁለቱ በአንድ ሰሞን ተቀጥረው፣ በአንድ ማኅበር ቤት ሠርተው፣ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ ቀለም ሲቀባ ሌላው ይቀባል፤ አንዱ የበር መብራት ሲሰቅል ሌላው ሁለት ይሰቅላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አለ ሀብታሙ፣ ሪሲቨርን ወግኖ። «አንድ ሳጥን፣ አንድ ሪሞት፣ አንድ ራስ ምታት። ያንተው ሦስት ሪሞት ይዞ ዜና ለመክፈት መማል መገዘት ነው።»

ክርክሩ ላውንጁን ለሁለት ከፈለው። የእርሻ ኢኮኖሚክስ መምህራን ወደ ተስፋነህ፣ የሒሳብ መምህራን ወደ ሀብታሙ አደሉ። ከመካከላቸው የቤት ሲኒማ ያለው ሰው አንድም አልነበረም፤ ክርክሩ የደራውም ስለዚህ ነው። ያለው ሰው ፊልሙን ያያል እንጂ አይከራከርም።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሬድዋን በዚህ ጉዳይ አቋም ነበረው፤ እንዲያውም ሁለት ነበረው። ሀብታሙ ሱቁ ሲገባ፣ «ልክ ነዎት መምህር፤ የተማረ ሰው ሪሲቨር ነው የሚገዛ፤ ያ ሌላው ለታይታ ነው» ይለዋል። ተስፋነህ ሲመጣ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሪሲቨርማ ለተራው ሰው ነው መምህር፤ ሰሚ ጆሮ ላለው ሴፓሬት ነው እንጂ» ይለዋል። በሁለቱም ጊዜ ከልቡ ነበር። ሬድዋን ከፊቱ የቆመውን ሰው ያምናል፤ ሰውየው ከሱቁ ሲወጣ እምነቱም አብሮ ይወጣል።

የሀብታሙ ሪሲቨር ቀድሞ መጣ። ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ተሰክቶ፣ በዚያው ቀን ጮኸ። ሀብታሙም ጎረቤቱን ጠርቶ፣ ጥሩ ቦታ አስቀምጦ፣ የመኪና እሽቅድምድም ያለበት ፊልም ከፈተለት። ተስፋነህ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ሲያበቃ ሀብታሙ እንዴት ነው አለው።

«ይሰማል» አለ ተስፋነህ።

ሀብታሙ ያቺን «ይሰማል» ለብዙ ቀን አልረሳትም። በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ እንኳ ትዝ እያለችው ብዕሩን ይነክስ ነበር።

የተስፋነህ ሚስት ሸጊቱ የንብ እርባታ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ቀፎ ሲጮህባት ውላ ቤቷ ስትገባ የምትፈልገው ድምፅ ብዙ አልነበረም። የምትከታተለው ተከታታይ ድራማ አለ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለሚታፈን ሰዎቹ የሚሉትን በደንብ ብትሰማ ትወዳለች። ይህንኑ ነገረችው። ተስፋነህም ስለ መካከለኛው ስፒከር፣ ስለ ድምፅ ፍሰት፣ ስለ ንጽሕና በሰፊው አስረዳት። እሷም አዳምጣ፣ «ታዲያ ሰዎቹ የሚሉት ይሰማል?» አለችው። ነገሩ ከዚያ በላይ ጥልቅ መሆኑን ነገራት።

ክረምቱ ሲገባ ተስፋነህ ያዘዘው ፕሮሰሰር ከስፒከሮቹ ጋር መጣ። አምፕሊፋየሩ አልመጣም። ሬድዋን ዕቃው ከዱባይ ወጥቷል አለ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ ግን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም። ተስፋነህ ግን አልጠበቀም። አዲስ መደርደሪያ አሠርቶ ፕሮሰሰሩን ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጠውና ሶኬት ላይ ሰካው። ሰማያዊ መብራት በራ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ተስፋነህ መጋረጃውን ጋርዶ መብራቱን ያሳያል። አንዳንዱ እንግዳ ያምራል ይላል፤ አንዳንዱ ስንት ሰዓት ነው እያለ ይጠይቃል፣ ሰዓት መስሎት። ሀብታሙም አንድ ቀን መጥቶ መብራቱ ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ድምፁስ?» አለ።

«ድምፁ መንገድ ላይ ነው» አለ ተስፋነህ።

በማግስቱ ይህ አነጋገር ላውንጁን አዳረሰ። ደሞዝ ሲዘገይ «ድምፁ መንገድ ላይ ነው»፣ ዲኑ ስብሰባ ሲያረፍድ «ድምፁ መንገድ ላይ ነው» ተባለ። ተስፋነህ አብሮ ይስቅ ነበር፤ የሚስቀው ግን በከንፈሩ ብቻ ነው።

አምፕሊፋየሩ ነሐሴ ላይ ገባ። ባጃጅ አልችልም ብሎ በፈረስ ጋሪ መጣ። የተሸከሙት ሰዎች በረንዳው ላይ ሲያሳርፉት፣ በጋፋት ከተሠራው መድፍ ወዲህ በዚህ አገር ሰው ትከሻ ላይ እንዲህ ያለ ብረት አልወጣም ብለው ተማረሩ። ተስፋነህ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠረው። ሲሰካው የቤቱ አምፖሎች ደብዘዝ አሉ፤ የሀብታሙም ቤት አምፖል ደብዘዝ አለ ተባለ፤ ይህንንም እንደ ምስጋና ቆጠረው። ከስፒከሮቹ ውስጥ «እምምም» የሚል ነገር ሲወጣ ግን እንደ ምስጋና መቁጠር አቃተው። ስልኩ ላይ ሲያነብ፣ ሳጥኖች በገመድ ሲገናኙ አንዳንዴ የሚያመጡት ነገር መሆኑን አገኘ። ሶኬቱን ከዚህ ወደዚያ ሲያዛውር ሰነበተና «እምምም» የሚለው ቀነሰ። አልጠፋም፤ ቀነሰ።

ከዚያ የሳሎኑ ተራ ሆነ። ተስፋነህ እንደተረዳው ስፒከሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ይተኩሳሉ፤ ድምፁ ልክ የሚሆነው እዚያ ነጥብ ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሶፋው ከመንገድ ይነሣ ተብሎ ኮሪደር ገባ። በነጥቡ ላይ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ተተከለ። ልኬት የሚወስድ ትንሽ ማይክሮፎን በወንበሩ ላይ፣ ልክ የተስፋነህ ጆሮ በሚያርፍበት ከፍታ ቆመ። ልኬቱ ሲወሰድ ቤቱ ጸጥ ማለት ስላለበት ሸጊቱ ሽንኩርት እንዳትከትፍ ተከለከለች። እሷም ቢላዋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ ስፒከሮቹ ተራ በተራ ሲያፏጩ አየች።

«እኛስ የት ነው የምንቀመጥ?» አለች።

«በጎን በጎን» አላት።

የምረቃው ቀን በመስከረም መጀመሪያ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። ከላውንጁ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ተጠሩ። ሀብታሙን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ዝናቡን ከራሱ በላይ አዝንቦ፣ ከዚያ ፊቱን ማየት ነበር የተስፋነህ ምኞት። ክረምቱን ሙሉ ያሰበው እሱን ብቻ ነው። አጭር ንግግርም አዘጋጅቷል።

ከምረቃው በፊት ባለው ሳምንት የሸጊቱ አባት አያ ሙላቴ ከጉና ወረዱ። እግራቸውን አሟቸዋል። ጉልበታቸው ክረምቱን ሙሉ ሲቆረጥማቸው ከርሞ፣ መንገዱ ሲደርቅ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመግባት አስበው፣ እስከዚያው ልጃቸው ቤት ሊያርፉ በበቅሎ፣ ከዚያም በመኪና መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ጠብ ያበረዱ፣ በአገራቸው ቃላቸው የሚሰማ። ግራ ጆሯቸው ከልጅነት ጀምሮ አይሰማም፤ ቀኙ ደግሞ የሚሰማው የወደደውን ነው።

ቤት ገብተው፣ ተስመው፣ ዙሪያውን አዩ። ከቤቱ መካከል አንድ ደህና ወንበር ተቀምጧል። ሌላው በየጎኑ የተበተነ በርጩማ ነው። አያ ሙላቴም የትኛው ለማን እንደሆነ የሚጠይቁ ሰው አልነበሩም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የድምፁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ተስፋነህ የመጀመሪያውን ቀን በእንግድነት ወግ አሳለፈው። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ነገር ሞከረ። ወንበሩ ከመስኮቱ ትይዩ ነው፤ ነፋስ ሊያገኝዎ ይችላል፤ ወደዚህ ጥግ ቢቀመጡ ይሞቃል አላቸው።

«ከጉና ወርጄ የደብረ ታቦር ነፋስ ይገድለኛል ብለህ ነው ልጄ?» አሉ አያ ሙላቴ። ከወንበሩም ንቅንቅ አላሉም።

ወደ ሚስቱ ዞረ። አባትሽን አንድ ነገር በያቸው አላት። ሸጊቱ አማትህን ከወንበር አስነሣ የሚል ትምህርት የት እንደተማረ ጠየቀችው። የጠየቀችው በቀስታ ነው፤ ፊቷ ላይ ግን ተስፋነህ ከተጋቡ ጀምሮ ያላየው አንድ ዓይነት ዕረፍት ነበር።

እሑድ ደረሰ። እንግዶቹ መጡ፤ ለአያ ሙላቴ ተራ በተራ እጅ ነሥተው በየበርጩማው ተቀመጡ። ለሀብታሙ የደረሰው በርጩማ በሩ ሥር፣ ከፍሪጁ ጎን ነው። ተስፋነህ ንግግሩን አደረገ። እያንዳንዱ ሳጥን ራሱን የቻለ መሆኑን፣ አንዱ አንዱን እንደማይጫን፣ አንዱ አንዱን እንደማይጠብቅ፣ አንዱን አንሥቶ ሌላውን እንደነበረ መተው እንደሚቻል፣ የሴፓሬት ክብሩም እዚህ ላይ መሆኑን አብራራ። አያ ሙላቴ ደህናውን ጆሯቸውን አዙረው ያዳምጡ ነበር፤ ይህን ጆሯቸው ወደደው መሰለኝ።

ፊልሙ ተከፈተ። ዝናብ ጣለ፣ ፈረስ ጋለበ፣ ነጎድጓድ ወረደ። ተስፋነህ የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን የሀብታሙን ፊት ነበር። ሀብታሙ በፍሪጁ ድምፅና በነጎድጓዱ መካከል ሆኖ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ እንደ ፈታኝ ተቀምጧል።

«የኔም እንዲሁ ነው የሚል» አለ በመጨረሻ።

«ከዚያ ሆነህማ አይታወቅም» አለ ተስፋነህ። «ወንበሩ ላይ ካልተቀመጡ ልዩነቱ አይገባም።»

«እሺ፣ ልቀመጣ።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞረ። አያ ሙላቴ ሁለት እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከድነው ተጋድመዋል። እንግዶቹ ተኝተዋል ብለው ሲያስቡ አያ ሙላቴ ተናገሩ።

«ያ ከሥር የሚያንጎራጉረው የትኛው ነው?»

ተስፋነህ ወደ ጥቁሩ ሳጥን፣ ዉፈር ወደሚባለው፣ በእግራቸው አቅጣጫ መሬት ላይ ወደተቀመጠው እያመለከተ አስረዳቸው። ወፍራሙን ድምፅ ለብቻው የሚያወጣ ነው አላቸው።

«እስቲ ነጎድጓዱን ድገመው» አሉ።

ደገመው። አያ ሙላቴ ጫማቸውን አወለቁና እግራቸውን ሳጥኑ ላይ አስደገፉ። አሁንም አሉት፤ አሁንም ደገመው። ከዚያ ለተሰበሰበው የተማረ ሰው ሁሉ፣ ሽምግልና ላይ ፍርድ እንደሚሰጡ ሆነው፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤ «ይህ ነገር አጥንት ውስጥ ይገባል። ወንዛዬ መሄዴ ቀርቷል።»

ምረቃው በዚህ አበቃ። ሀብታሙ ሲወጣ የተስፋነህን እጅ አጥብቆ ጨበጠ፤ የሚናገረውን ለላውንጁ አቆየው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሐኪም ይመርምረው። እውነት መንቀጥቀጡ ይሁን፣ ወይስ ከጉና ብርድ ወርደው ሞቅ ባለ ቤት መሰንበታቸው፣ የአያ ሙላቴ ጉልበት ተፈታ። ቅዳሜ ገበያ ያለ ከዘራ ወጡ። እዚያም የአገራቸውን ሰው ፈንታሁንን አገኙት፤ ወገቡን የሚያመው ሰው ነው። ይዘውት መጡ። ፈንታሁን ተመልሶ ሲሄድ ወሬውን ይዞ ሄደ፤ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር በግ ሊሸጥ፣ ድንች ሊያራግፍ የወረደ የጉና ሽማግሌ ሁሉ የመምህሩን ቤት ይጠይቅ ጀመር። እያንዳንዱም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ማር፣ ቅቤ፣ የገብስ ቆሎ ይዞ ነው። ጫማቸውን በረንዳ ላይ ደርድረው ይገባሉ፤ ጥቁሩን ሳጥን ከብበው እግራቸውን ወደ መካከል ይሰበስባሉ። ብርድ የያዘው ደግሞ ጀርባውን ወደ አምፕሊፋየሩ ይሰጣል፤ ሲሠራ ይግላልና።

ፊልሙን የሚከፍተው ተስፋነህ ነው። ሪሞቶቹ ሦስት ስለሆኑ ሌላ የሚችል የለም። ምርጫውም የሱ አልነበረም። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተቀምጠው ማውራት ሲጀምሩ አያ ሙላቴ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «ወሬውን ዝለለውና ወደ ነጎድጓዱ ውሰደን» ይሉታል። እሱም ይዘልላል። አንድ ፊልም ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድ ሰው እንኳ የተናገረውን ሳይሰሙ ጦርነት ብቻ ያዩ ነበር።

ሸጊቱ በነዚያ ሳምንታት ከሥራ መልስ ለአባቷና ለእንግዶቹ የሚያስፈልገውን አቅርባ እየወጣች ትሄዳለች። ተስፋነህ የት እንደምትሄድ መጀመሪያ አልጠየቀም። አንድ ቀን ግን ከአጥሩ ማዶ፣ ከሀብታሙ ሳሎን፣ የድራማዋን መግቢያ ዜማ ሰማ። ስትመለስ በር ላይ ጠበቃት። እንዴት አድርጋ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቤቷ እያለ፣ ሪሲቨር ላይ ድራማ እንደምታይ ጠየቃት። አጠያየቁ ሚስቱን ከሌላ ወንድ ጋር ያገኘ ባል አጠያየቅ ነበር።

«ሰዎቹ የሚሉት ይሰማል» አለችው። ቀጥላም የተረፈ ወጥ እንዳለ ነግራው ወደ ውስጥ ገባች።

ተስፋነህ ግን የተሸነፈ ሰው አልነበረም፤ ሰው የሚሸነፈው ክርክሩን ሲተው ነው። ላውንጅ ውስጥ ሀብታሙ፣ «የዶክተር ተስፋነህ የአጥንት ክሊኒክ እንዴት ዋለ?» ብሎ ሰው ባሳቀ ጊዜ፣ ተስፋነህ ማኪያቶውን አስቀመጠ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«በሪሲቨር የተፈታ ጉልበት ካለ አንድ ጥራ» አለ።

የሚጠራ አልተገኘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዝናብና ስለ ንጽሕና ማውራቱን ትቶ ስለ ጉልበት ያወራ ጀመር። ኃይሉ ለብቻው ካልሆነ አጥንት ድረስ አይዘልቅም፤ ሪሲቨር ቢበዛ ቆዳ ነው የሚነካው። የእርሻ ኢኮኖሚክስ ወገን ይህን ተቀብሎ ማስረጃ ሲፈልግ ሰነበተ። ሬድዋንም ሱቁ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያለ ኀፍረት፣ ለሪህ ጥሩ ነው ይል ጀመር።

ኅዳር አጋመሰ። የጉና ገብስ አጨዳ ደረሰ፤ አያ ሙላቴም አገር ሊገቡ ተነሡ። ተስፋነህ ያን ቀን ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ተነሥቶ፣ ጓዛቸውን በገዛ እጁ በረንዳ ድረስ አወጣ። እንዲህ ያለ ትጋት ሸጊቱ አይታበት አታውቅም። መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሀብታሙም የጎረቤት ወግ ነውና ሊሰናበት መጥቶ፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

አያ ሙላቴ ቆመው መረቁ። ዘራችሁ ይባረክ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ ክፉ አይንካህ አሉት። ተስፋነህ ራሱን ዝቅ አድርጎ አሜን አሜን አለ። ምርቃቱ አልቆ ቀና ሲል አያ ሙላቴ ገና እጁን አልለቀቁም።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አሉ። «ያቺን ጥቁሯን ሳጥን ብትሰጠኝ። ለጉልበቴ ትሁነኝ። አገር ቤት ያሉትም መውረድ የማይችሉ ሽማግሎች አሉ።»

ተስፋነህ ምክንያት ፈለገ። አያ ሙላቴ ቤት መብራት አለመኖሩን አነሣ። መብራትማ ይመጣል ብለውናል፣ ምሰሶውም ወንዙ ድረስ ደርሷል አሉት። ሳጥኑ ከባድ መሆኑን አነሣ። ከመኪናው ወዲያ በቅሎ አለች አሉት። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ እውነተኛው ምክንያት። ዉፈሩ ለብቻው ምንም አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ካልላከለት አይናገርም፤ ሁሉም በገመድ እርስ በርስ የተያያዘ ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይጎድላል። ይህን ለማለት አፉን ከፈተ።

አያ ሙላቴ ቀደሙት። «አንተው አይደለህ እንዴ» አሉ፣ «ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አንዱ አንዱን አይጠብቅም፣ አንዱን አንሥቶ ሌላውን እንዳለ መተው ይቻላል ያልከው?»

ተስፋነህ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ሀብታሙ ከተደገፈበት ቀና ብሏል። ጆሮው፣ ያ «ይሰማል» የተባለበት ሰው ጆሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መልሱን ይጠብቃል። አንድ ቃል ብትወጣ ነገ ላውንጁ ውስጥ የምትሆነውን ተስፋነህ አወቃት፤ ሴፓሬት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ራሱ መስክሯል።

«እውነት ነው አባባ» አለ ተስፋነህ። «ለብቻው ነው። ይውሰዱት።»

ሳጥኑ በጋቢ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ወጣ። ሀብታሙ ሲጫን አገዘ፤ በጣም በጥንቃቄ ነው ያገዘ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ቤቱ ጭር አለ። ሸጊቱ በረንዳውን ጠርጋ ሶፋውን ከኮሪደር አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ተስፋነህም አልተቃወመም። ወንበሩ ብቻ ከመካከሉ ቆሞ ቀረ። ተስፋነህ ዙሪያውን ዞሮ አየው። መቀመጫው ወደ አንድ ጎን ሰርጉዷል፤ የገብስ ቆሎ በስፌቱ መካከል ገብቷል። አራግፎ ተቀመጠ። ከመስከረም በፊት ጀምሮ ሲመኘው በነበረው ነጥብ ላይ፣ ጆሮውን ማይክሮፎኑ በነበረበት ከፍታ ላይ አድርጎ፣ የዝናቡን ፊልም ከፈተ።

ዝናቡ ጣለ። ተስፋነህ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ። ጠበቀ። ወደ ግራ ትንሽ ሸርተት አለ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ኮርኒሱንም ቀና ብሎ አየ፤ ይህን ግን ሆን ብሎ ነው። ዝናቡ ዝናብ ነበር። በሀብታሙ ቤት ከሰማው ዝናብ የሚለይበትን ነገር አጥብቆ ፈለገ፤ ፈልጎ ቢያጣው እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተው። አሁንም ዝናብ ነበር። ከሥሩ «እምምም» የሚለው ነገር ብቻ አልጠፋም።

ሸጊቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ሴት በዝናቡ ውስጥ ቆማ ለአንድ ሰው የሆነ ነገር እየተናገረች ነበር።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ልዩነቱማ የሰማይና የምድር ነው» አለ ተስፋነህ።

ሸጊቱ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቀችው። ተስፋነህ አልሰማም ነበር።

በማግስቱ ላውንጅ ገብቶ ገና ወንበር ሳይስብ፣ ሀብታሙ ስለ ጥቁሩ ሳጥን ሊጠይቀው ሲያሰፈስፍ አየው። ቀደመው። በዚህ ነገር ላይ ብዙ ካነበበና ብዙ ካዳመጠ በኋላ የደረሰበትን ለባልደረቦቹ ሊያካፍል እንደሚወድ ተናገረ። ወፍራም ድምፅ፣ አለ፣ ለሕመምተኛና ለሽማግሌ ነው፤ ሰሚ ጆሮ ያለው ሰው ዉፈር ቤቱ አያስገባም። የእርሻ ኢኮኖሚክስ መምህራን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሀብታሙ ሻዩን ጠጥቶ ወጣ፤ ከግቢው በር ባጃጅ ይዞም በቀጥታ ሬድዋን ሱቅ ሄደ። አምፕሊፋየር ለብቻው፣ ከባዱን፣ የሚገባው መቼ እንደሆነ ጠየቀው።

ሬድዋን በሩን ገርበብ አደረገ። «ሁልጊዜም እልዎት አልነበረም መምህር?» አለው።